ከሐረግ እስከ መማሪያ መጽሐፍ፤ የገላጭ ሥዕል ትምህርት በኢትዮጵያ

ፊደል ያልቆጠረ ሰው ጽሑፍ ማንበብ እንደማይችል የሚጠራጠር የለም። ሥዕልን ግን ዐይን ያለው ሁሉ ሳይማር የሚያነበው ይመስለናል። ስለዚህም ለመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል በሚዘጋጅበት ጊዜ «ይህማ ለማን ይጠፋዋል?» እየተባለ ይታለፋል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው አስተሳሰብ የተሳሳተ መሆኑን በአገራችን የሥዕል ትምህርት ታሪክ መሠረትነት ለማመልከት ይሞክራል። የሚያነሣው ጥያቄም ሁለት ክፍል ያለው ነው። በኢትዮጵያ ለመጽሐፍ የሚሥል ሰው ሙያውን እንዴት ይማር ነበር? የሚሥልለትን አንባቢስ ከየት ያውቀው ነበር? ስለ መጀመሪያው ክፍል ብዙ ሊባል ይቻላል። ሁለተኛው ግን በቂ ትኩረት የተሰጠው አይመስለኝም።

የመጀመሪያው የገላጭ ሥዕል ት/ቤታችን የብራና መጽሐፍ የሚዘጋጅበት ቤት ነው። እዚያ የሚገባ ተማሪ ከሥዕል በፊት የሚማረው ገጽን ነው። ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ ብራና ከሆነ በኋላ ዳርና ዳሩ በወስፌ ይበሳል። ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም ቀለም የሌለው መስመር ይሠመርበታል። የጽሑፉ ዐምድ፣ በዐምዶቹ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ፣ የግርጌና የራስጌ ኅዳግ ሁሉ አንዲት ፊደል ሳትጻፍ ይወሰናሉ። ቀጥሎ የቀለም ሥርዐት ይመጣል። ጥቁሩ ለንባቡ ነው፤ ቀዩ ለአምላክ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፣ እንዲሁም ለምዕራፍ መነሻ ነው። በዜማ መጻሕፍት ደግሞ የዜማው ምልክት በንባቡ ራስ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት ይሰፍራል። ከዚህ እንደምንረዳው ገጹ ገና ሥዕል ሳያርፍበት በዐይን የሚነበብ ነገር ሆኗል። ማንበብ የማይችል ምእመን እንኳ ገጹን አይቶ ቀዩ የከበረ ነገር መሆኑን ያውቃል። ዛሬ በዲዛይን ት/ቤት የገጽ ቅንብር እየተባለ ራሱን ችሎ የሚሰጠው ትምህርት በዚያ ቤት ስም ሳይወጣለት ይሰጥ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ የሚቀጥለው ሐረግ ነው። በመጽሐፉ መግቢያና በየክፍሉ ራስ ላይ እየተጠላለፈ የሚወርደው ይህ ጌጥ ለተመልካች ውበት ብቻ ነው። ለተማሪው ግን ፈተና ነው። አንዱ መስመር በሌላው ላይ አልፎ፣ ቀጥሎ ደግሞ በታቹ ገብቶ፣ እስከ መጨረሻው ሳይሳሳት መሄድ አለበት። አንዲት ቦታ ላይ «ላይ» መሆን የነበረበት «ታች» ቢሆን ጥልፍልፉ ሁሉ ይፈርሳል። ተማሪው እጁን የሚገራውና ትዕግሥቱን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። ቀለም መፍጨት፣ የተነደፈውን ልብስ መሙላት፣ ዳሩን ማክበብ የጀማሪ ሥራ ነበሩ። ፊትንና ዐይንን ግን ብዙውን ጊዜ መምህሩ ለራሱ ያስቀራል። ሙያው በአያሌው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ እኅት ልጅ የሚተላለፍ እንደ መሆኑ መጠን፣ መምህሩ ስለሚያስተምረው ነገር በቃል የሚያብራራው ጥቂት ነው። ተማሪው አይቶ ይሠራል፤ ሲሳሳት ይነገረዋል።

ይህ አሠራር «ግልበጣ» ተብሎ በዘመናውያን ተነቅፏል። ነቀፌታው ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም። ይሁን እንጂ የሚገለበጠው ምን እንደሆነ በትክክል መታወቅ አለበት። ተማሪው የሚቀዳው መስመሩን ብቻ አይደለም፤ የመስመሩን ትርጉም ጭምር ነው። በዚህ የሥዕል ቋንቋ ጻድቅ ሰው በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ሰይጣንና ዐመፀኛ ግን በጎን ተሥሎ አንድ ዐይን ብቻ ይኖረዋል። ይህ ሕግ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወጥቶ ወደ ዐድዋ ጦርነት ሥዕሎችም ተሻግሯል። በእነዚያ ሥዕሎች የኢትዮጵያ ሠራዊት በሁለት ዐይን፣ ወራሪው ጦር በአንድ ዐይን የሚታየው ሠዓሊው ሌላ ዐይነት አሣሣል ስላልቻለ አይደለም። የሚናገር ሰው እጁን ያነሣል፤ ጣቶቹም ረዝመው ይሣላሉ፤ የሚከበረው ከሌላው ገዝፎ ይታያል። እነዚህ ሁሉ ሰዋስው ናቸው።

ከሥዕሉ ጎን ደግሞ ብዙ ጊዜ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር አጭር ጽሑፍ ይገኛል። እንዲህ እንደ ሆነ፣ እንዲህ እንዳደረገ ለማለት ነው። ሠዓሊው ሥዕሉ ብቻውን ይናገራል ብሎ አልተማመነም። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ካህኑ አለ፤ በዓሉ አለ፤ በየወሩ የሚነበበው ተአምር አለ። ተመልካቹ በሥዕሉ ፊት ሲቆም ታሪኩን አስቀድሞ ሰምቶታል። ስለዚህ የብራናው ቤት ተማሪ ስለ አንባቢው የሚማረው ነገር አልነበረም፤ ራሱ ከዚያ አንባቢ መካከል ተነሥቶ የመጣ ነውና። ይህ የአሮጌው ትምህርት ትልቁ ሀብት ነበር፤ ሀብት መሆኑ የታወቀው ግን ከጠፋ በኋላ ነው።

ግልበጣው ዕውር አለመሆኑን የሚያስረዳ አንድ ማስረጃ እነሆ። እ.ኤ.አ. በ1591 ሮም ውስጥ በዐረብኛ የታተመ የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ ነበር። ሥዕሎቹን የነደፈው አንቶኒዮ ቴምፔስታ የተባለ ኢጣሊያዊ ሠዓሊ ሲሆን፣ በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ ናቸው። ይህ መጽሐፍ ወደ አገራችን ገብቶ ኖሮ በጎንደር ዘመን በተጻፉ የወንጌል ብራናዎች ላይ የእሱን ሥዕሎች አቀማመጥ የተከተሉ ሥዕሎች ይገኛሉ። ማን የት እንደሚቆም፣ ማን ወደ ማን እንደሚዞር ከኅትመቱ ተወስዷል። ነገር ግን በኅትመቱ ላይ በቀጫጭን መስመር የተሠራው ጥላና ብርሃን፣ ወደ ውስጥ እየራቀ የሚሄደው ሕንፃና ሜዳ በብራናው ላይ እምብዛም የለም። በምትኩ ልብሱ ጌጥ ለብሷል፤ ዐይኖች ሰፍተዋል፤ መደቡ በቀለም ተሞልቷል። ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕልም አለው። ቅጂው በኢየሱሳውያን አማካይነት ከመጣ በኋላ በኢትዮጵያውያን እጅ ደጋግሞ ሲሣል ኖሯል። የተዘረጉት ሁለት ጣቶችና በእጅ የተያዘው መሐረብ ሳይቀር ተጠብቀዋል፤ ፊቱ ግን የእኛ ሆኗል። ሠዓሊዎቹ ያደረጉት ትርጉም ነው። ከባዕድ የሥዕል ቋንቋ ወደ ራሳቸው ተረጐሙት፤ ተርጓሚ ደግሞ ሁለቱንም ቋንቋ ማወቁ ግድ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ረዥም ዘመን በአጭሩ አልፈዋለሁ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ለገበያ መሥራት ጀመሩ። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በሸራ ላይ በረድፍ በረድፍ፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍል ከፍለው የሣሉት ሥራ በየቤቱና በየሙዚየሙ ይታያል። እያንዳንዱ ክፍል ከሥሩ ጽሑፍ አለው፤ የሚነበበውም እንደ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። የሥዕል ተከታታይ ትረካን ከውጭ የመጣ ጥበብ አድርገው የሚያስተምሩ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም።

የማተሚያ ቤት መምጣት ግን ነገሩን ለወጠው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ብራና ጸሐፊው የሚሠራው መጽሐፍ እየቀረ ሲሄድ፣ ጸሐፊውና ሠዓሊው በአንድ ቤት ተቀምጠው ገጹን በጋራ የሚያቅዱበት ልማድም አብሮ ቀረ። ፊደሉን ሠራተኛ ይለቅማል፤ ሥዕሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በክሊሼ መልክ ይመጣና ባዶ በተተወው ቦታ ይገባል። ሠዓሊው ጽሑፉን ሳያነብ፣ ደራሲው ሥዕሉን ሳያይ መጽሐፍ ሊወጣ ቻለ። የትምህርት ሰዎች ኮሜንዩስን ማንሣት ይወዳሉና እኔም ላንሣው። እ.ኤ.አ. በ1658 ባሳተመው ባለ ሥዕል የልጆች መጽሐፍ ውስጥ በሥዕሉ ላይ ባለው በእያንዳንዱ ነገር ላይ ቁጥር አስፍሯል፤ ያው ቁጥር በጽሑፉ ውስጥ ከቃሉ ጎን ይገኛል። ስለ ኮሜንዩስ ሲወራ ሥዕልን ወደ መማሪያ መጽሐፍ ማስገባቱ ይነገርለታል፤ ቁጥሩ ግን ይረሳል። ቁጥሩ ባይኖር ልጁ ሥዕሉን የሚያነብበት መንገድ አልነበረውም።

በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ት/ቤት ተከፈተ። መሥራቹ አቶ አለ ፈለገ ሰላም ከሠዓሊ ቤተ ሰብ የተወለዱ ናቸው፤ አጎታቸው እማዕላፍ ኅሩይ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። አቶ አለ ግን በቺካጎ የሥነ ጥበብ ት/ቤት ተምረው የተመለሱ እንደ መሆናቸው፣ አሮጌውንና አዲሱን ትምህርት በአንድ ሰው ውስጥ አገናኝተው ነበር ለማለት ይቻላል። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ይህ ት/ቤት የሚጠራው በስማቸው ነው።

አዲሱ ትምህርት የሚጀምረው ከመምህር ሥራ ሳይሆን ከዕቃ ነው። ተማሪው ከፊቱ የተቀመጠውን ማሰሮ፣ የጄሶ ቅርጽ፣ ቆሞ የሚታይ ሰው እያየ ይነድፋል። እርሳሱን በተዘረጋ ክንዱ ይዞ ቁመትን ከስፋት ጋር ያመዛዝናል። ብርሃኑ ከየት እንደ መጣ፣ ጥላው ወዴት እንደ ወደቀ ይጠየቃል። ፐርስፔክቲቭ የሚባለውን የርቀት አሣሣል ሕግ ይማራል። የአሮጌው ቤት ተማሪ «ጻድቅ እንዴት ይሣላል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የአዲሱ ት/ቤት ተማሪ «ይህ ነገር እንዴት ይታያል?» ብሎ እንዲጠይቅ ተደረገ። ለውጡ ቀላል አልነበረም። በዚህ መንገድ እጁም ዐይኑም የሠለጠነ፣ በዓለም መድረክ የሚቆም ሠዓሊ መውጣቱ አይካድም።

ለገላጭ ሥዕል በተለይ የቀረበው የኅትመት ክፍሉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 ካርል ሃይንስ ሃንሰን የተባሉ፣ በብራዚል ባሂያ ኖረው ስለ ነበር ሃንሰን ባሂያ የሚሏቸው ጀርመናዊ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ሠዓሊ በት/ቤቱ አስተምረዋል። የእንጨት ቅርጽ ለተማሪ ጨካኝ መምህር ነው። በእርሳስ የሚደረገው ማመንታት፣ ማጥፋትና ማለስለስ በጣውላ ላይ የለም። የተቆረጠው ይነጣል፤ የቀረው ይጠቁራል፤ መሐከለኛ የለም። ተማሪው ገና ከመቁረጡ በፊት የትኛው መስመር አስፈላጊ፣ የትኛው ትርፍ እንደሆነ መወሰን ይኖርበታል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ደግሞ የተቀረጸው ሁሉ ሲታተም መገልበጡ ነው። በሌላ አገር ይህ የተለመደ ችግር ነው፤ በእኛ ፊደል ግን የባሰ ነው። ራብዑ በቀኝ እግሩ፣ ሳብዑ በግራ እግሩ የሚቆም ብዙ ፊደል አለንና፣ ተማሪው «ባ»ን ሳይገለብጥ ቢቀርጽ ወረቀቱ ላይ «ቦ» ሆኖ ይወጣል። ስሕተቱ የተገለበጠ ፊደል አይመስልም፤ ትክክለኛ ሌላ ፊደል ነው። በዚህ ዐይነት የተሳሳተ ተማሪ ከዚያ በኋላ ፊደልን እንደ ቅርጽ ማየት ይጀምራል። የቁም ጽሕፈት ሊቁ ይገዙ ብስራትም በዚያው ት/ቤት የግዕዝ ፊደል አጣጣልን ያስተማሩ በመሆናቸው፣ የብራናው ቤት ዕውቀት በከፊልም ቢሆን ወደ አዲሱ ት/ቤት ገብቷል። ከኅትመቱ ተማሪዎች አንዱ የነበሩት ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ በኋላ ወደ ጥንታዊው የጥቅልል ክታብ ሥዕል ተመልሰው ከዚያ የራሳቸውን አሠራር ማውጣታቸው ሁለቱ ትምህርቶች ሊጣመሩ እንደሚችሉ ያሳያል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ጎድሏል። የጄሶው ቅርጽ እንዴት እንደሚታይ የተማረው ተማሪ፣ ሥዕሉ በሌላ ሰው ዐይን እንዴት እንደሚነበብ የሚማርበት ሰዓት አልተመደበለትም። ለኤግዚቢሽን የሚሥል ሰው ይህን ባይማር ብዙ አይጐዳም፤ የሚመጣለት ተመልካች ፈልጎት የመጣ ነው። ለመማሪያ መጽሐፍ የሚሥል ግን አንባቢውን አይመርጥም።

የዚህን ጉድለት ክብደት የሚያሳየው ጥናት የተካሄደው በዚሁ በአገራችን ነው። ዴሬጎውስኪና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሚኖሩ፣ ሥዕል እምብዛም አይተው ለማያውቁ የሜኒት ሰዎች የእንስሳት ሥዕል አሳይተዋል። ቀደም ሲል ሥዕል ያለበት ወረቀት ሲሰጣቸው ያሸቱት፣ ያንኮሻኩሹት፣ እስከ መቅመስም ይደርሱ እንደ ነበር ተገልጾ ስለ ነበር፣ በጥናቱ ሥዕሎቹ የቀረቡት በሚያውቁት ነገር በጨርቅ ላይ ነው። አብዛኞቹ በመጨረሻ እንስሳውን ለይተውታል። የለዩት ግን በአንድ አፍታ አይደለም። ጅራቱን፣ እግሩን፣ ቀንዱን አንድ በአንድ እየቆጠሩ፣ እየደከሙም ጭምር ነው።

ይህን ጥናት የሰዎቹን ዕውቀት ለማሳነስ የጠቀሱት አሉ። እኔ የማነበው በተቃራኒው ነው። ወረቀቱን ማሽተታቸው ፍጹም ትክክል ነበር፤ ለእነርሱ አዲሱ ነገር ወረቀቱ ነውና መጀመሪያ የመረመሩት እሱን ነው። ሥዕሉን ክፍል በክፍል ማንበባቸውም ፊደል የሚቆጥር ልጅ የሚያደርገውን ማድረጋቸው ነው። ሕፃን ሳለን ማንም አስተምሮን ሳናስበው የተማርነውን ንባብ እነርሱ በጎልማሳነት፣ በአንድ ቀን፣ ያለ መምህር ጀመሩት። ችግሩ ከአንባቢው ይልቅ ንባብ የሚያስፈልግ መሆኑን ከማያውቀው ሠዓሊ ዘንድ ነው።

በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ጉዳዩ ከጥናት ወጥቶ የአገር ጉዳይ ሆነ። ዘመቻው እየሰፋ ሲሄድ መማሪያዎቹ በ15 ቋንቋዎች ተዘጋጁ። የሥዕል ተግባር ቃሉን ለማያውቅ ጎልማሳ ድልድይ መሆን ነበር፤ ሥዕሉን አይቶ ስሙን ይጠራል፤ ከስሙም ፊደሉን ይለያል። ልብ እንበል፤ ድልድዩ የሚሠራው ጎልማሳው ሥዕሉን ሲያይ ሠዓሊው ያሰበውን ያንኑ ቃል ከጠራ ብቻ ነው። ማረሻ ተሥሎ «ሞፈር» ካለ፣ ወይም እንስራ ተሥሎ «ጋን» ካለ ትምህርቱ ከመጀመሪያው ይዛነፋል። በ15 ቋንቋ ደግሞ አንዱ ዕቃ ከአካባቢ አካባቢ ቅርጹም ስሙም ይለያያል። የዘመቻው ታሪክ በቁጥርና በፖለቲካ ረገድ ብዙ ተጽፎበታል። የመማሪያዎቹን ሥዕል የሣሉት ሰዎች የሠሩት ሥራ ግን ገና ጸሐፊውን ይጠብቃል። በእኔ ግምት የአሮጌው ቤት ሠዓሊ ያልገጠመው፣ የአዲሱ ት/ቤት ሠዓሊም ያልተዘጋጀበት ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት የቀረበው ለእነርሱ ነው።

በመምህራን ማሠልጠኛ በኩል ያለው ይዞታ ከዚህ የተሻለ ነው ለማለት አልደፍርም። ሥዕል አንድ ጊዜ ከሙዚቃና ከሰውነት ማጎልመሻ ጋር፣ ሌላ ጊዜ ከክወና ጥበብ ጋር በአንድ ስም እየታጨቀ የሚሰጠው ሰዓት ጠብቧል። በዚያች ጠባብ ሰዓት እጩው መምህር ጥቂት መሣል ይለማመድ ይሆናል። የሌላውን ሥዕል ለልጅ ማስነበብ ግን አይማርም፤ ይህ ደግሞ በየቀኑ የሚገጥመው ሥራ ነው። ሥርዐተ ትምህርት የማዘጋጅ ሰው እንደ መሆኔ ከተጠያቂነቱ ራሴን አላወጣም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እጩ መምህራንን ይዤ ወደ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ት/ቤት ሄጄ ነበር። ከሳይንስ መጽሐፍ ሁለት ገጽ መርጠን፣ ጽሑፉን በወረቀት ሸፍነን፣ ልጆቹ ምን እንደሚያዩ ጠየቅናቸው። የመጀመሪያው ገጽ ለሁለት የተከፈለ የባቄላ ፍሬ የውስጥ ሥዕል ነበር። በጥንቃቄ የተሠራ፣ ጥላና ብርሃኑ ያማረ ሥዕል ነው። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ጆሮ ነው» አሉ። ሁለተኛው ከባሕር ወደ ደመና፣ ከደመና ወደ ምድር የሚሄደውን የውሃ ዑደት በቀስቶች የሚያሳይ ነበር። አንድ ልጅ ጥቂት ካሰበ በኋላ ደመናውን የሚወጋው ማን እንደሆነ ጠየቀ። እጩዎቹ ሳቁ፤ እኔም ስቄ ነበር። ኋላ ግን ምልክቱን «ቀስት» ብለን የሰየምነው እኛው መሆናችንን አስታወስኩ። ቀስት ደግሞ የሚወረወር ነገር ነው።

ከእጩዎቹ አንዷ የባቄላውን ሥዕል እንደገና ለመሥራት ፈቃድ ጠየቀች። ሥዕሏ ከመጽሐፉ ጋር ሲወዳደር ሻካራ ነው፤ ጥላ የለውም፤ መስመሩም ይንቀጠቀጣል። በግራ በኩል ሙሉ ባቄላ ከነቅርፊቱ ሣለች። በመካከል ያንኑ ባቄላ በሁለት አውራ ጣት መካከል ተይዞ ሲፈለቀቅ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ተከፍሎ በመዳፍ ላይ ተቀምጦ አሳየች። ጣቶቹ ከመጠን በላይ ረዝመዋል። በሳምንቱ ተመልሰን ለእነዚያው ሕፃናት ከማሳየታችን በፊት በሌላ ክፍል ላሉ፣ የመጽሐፉን ገጽ ላላዩ ልጆች አሳየናቸው። «ባቄላ! የተፈለቀቀ ባቄላ!» አሉ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን እጇን አውጥታ «እጁ የማነው?» ስትል ጠየቀች።